ከታች ጀምሮ መለካት፦ የአየር ሱስፔንሽን ባለው መኪና ላይ ትልቅ ጎማ ስለመግጠም

(አዳማ ውስጥ ለመኪና ባለቤቶች፣ ለጎሚስታዎችና ለጋራዥ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አያለሁ፤ እጃችሁ ላይ ያለው ግራሶ ገና አልለቀቀም። ደክሟችሁ ሳለ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው። ከፋብሪካው በአየር ሱስፔንሽን የመጣ፣ ማለትም በብረት ሞላ ፋንታ የታመቀ አየር የሚሸከመው መኪና ላይ፣ ሌላ ምንም ሳንነካ፣ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ጎማ ብንገጥም ምን ይሆናል? ጥያቄው ጠባብ ነው፤ እኔ ግን መልሱን ያወቅሁት ሰው ሊጎዳ በነበረበት ስህተት ነው። ስህተቱም የእኔ ስለነበር ከእሱ ልጀምር።

አንድ ደንበኛ አለኝ፣ በዕድሜ ከአባቴ ጋር የሚቀራረብ ሰው። መኪናው ናፍጣ የሚጠቀም ላንድ ሮቨር ዲስከቨሪ 3 ነው። ወደ አዋሽ አቅጣጫ እርሻ ስላለው በየሳምንቱ ከአዳማ ይወጣል። መኪናው የመጣው በ19 ኢንች ቸርኬ ነበር፤ ጎማው 255/55፣ ጎኑ አጭር። መተሃራ አካባቢ ያለውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዳሩ እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ ነው። በአንድ ክረምት ሁለት ጎማ ጎናቸውን ቀደደበት። መጥቶ "ልጄ፣ ይህን መኪና ገጠር የሚያስገባ ጎማ አድርግለት" አለኝ። "እሺ ጋሼ" ብዬ 18 ቸርኬ ፈለግሁለት፤ 265/65 ጎማም ገጠምኩበት።

ሳልለካ አልገጠምኩም። መኪናውን ወደ ላይኛው ከፍታ አነሳሁት፤ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞርኩ፤ የትም አልነካም። ወደ መደበኛው ከፍታ አወረድኩትና ደግሜ አዞርኩ፤ ከፊት ጎማው ኋላ፣ ከፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ ጋር አንድ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። ይበቃል አልኩ። ቁልፉን ሰጠሁት፣ መርቆኝ ሄደ።

ወር ያህል ቆይቶ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ደወለ። "ልጄ፣ መኪናው ተቀመጠ" አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከመተሃራ ወዲያ፣ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች በሚመላለሱበት አስፋልት ላይ ነው ያለው። በፒክአፕ ሄጄ በባትሪ መብራት ሳየው የሆነው ነገር ግልጽ ነበር። ወደ ፊተኛው የአየር ሞላ የሚሄደው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ አየር ይለቃል። ኮምፕሬሰሩ የጎደለውን ለመሙላት ሲታገል ቆይቶ ሙቀቱ ሲበዛበት ራሱን አጥፍቷል። የመኪናው አፍንጫ ቀስ እያለ ወርዶ መጋጫ ላስቲኩ ላይ፣ ማለትም ሱስፔንሽኑ እስከ መጨረሻው ሲወርድ በሚያርፍበት ላስቲክ ላይ፣ አርፏል። ዳሽቦርዱ ላይ የሱስፔንሽን ብልሽት እንዳለና ከ50 ኪሎሜትር በላይ እንዳይነዳ የሚያስጠነቅቀው ጽሑፍ በርቶ ነበር፤ ጋሼም አይቶት ፍጥነቱን ቀንሷል። ከፊት ለፊት ከባድ መኪና ሲመጣበት ወደ ዳር ለመውጣት መሪ ሲያዞር ግን መሪው በግማሽ መንገድ ከበደው። ጎማው የውስጡን ፕላስቲክ ይዞ ጎትቶታል፤ ፕላስቲኩ ሲቀደድ የኤ.ቢ.ኤስ ሴንሰሩን ሽቦ ይዞት ሄዷል። የጎማው ትከሻ በቢላ እንደተላጠ ሆኗል። የተቃጠለ ላስቲክ ይሸት ነበር።

ጋሼ ደኅና ነው። ከባድ መኪናው በጎን አለፈው። እኔ ግን የዚያን ሌሊት ከመንገዱ ዳር ተንበርክኬ ያየሁት ነገር የሥራ ዘዴዬን ቀየረው። የለካሁት መኪናው አየር ሲኖረው ብቻ ነበር። አየሩ ሲወጣ የት እንደሚያርፍ አልለካሁም።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ። ሞላ ወይም ባሌስትራ ያለው መኪና ከፍታው ከብረቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ብረቱ ካልተሰበረ በስተቀር ትናንት የነበረው ክፍተት ዛሬም አለ፤ ጭነት ሲበዛ ይቀንሳል፣ ጭነቱ ሲወርድ ይመለሳል። የአየር ሱስፔንሽን እንዲህ አይደለም። መኪናውን የሚሸከመው ላስቲክ ውስጥ የታመቀ አየር ነው። ያን አየር አንድ ኮምፕሬሰር ይሞላዋል፤ ማድረቂያ እርጥበቱን ያወጣለታል፤ አንድ ማጠራቀሚያ ጋን ያስቀምጠዋል፤ ቫልቮች ወደ አራቱም ጎማ ያከፋፍሉታል። በእያንዳንዱ ጎማ በኩል ያለ ሴንሰር የሱስፔንሽኑን ክንድ ማዕዘን አንብቦ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ኮምፒውተሩም "ይህ ጥግ ወርዷል፣ አየር ጨምርለት" ወይም "ይህ ከፍ ብሏል፣ አስወጣለት" እያለ ያዛል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 የወጣው የካዲላክ ኤልዶራዶ ብሮኸም የአየር ሱስፔንሽን ነበረው፤ ሬንጅ ሮቨር ደግሞ በ1992 በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን ወደ ፎር ዊል መኪና አመጣው። እኛ አገር በብዛት የምናያቸው ግን በ2004 ከወጣው ዲስከቨሪ 3 ወዲህ ያሉት ናቸው። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ጀምሮ ደግሞ ያሉንን ጠግነን ረጅም ዘመን ማቆየት ግድ ሆኖብናል።

ልብ በሉ፦ ሴንሰሩ የሚያነበው የክንዱን ማዕዘን ነው። ጎማ ትልቅ ይሁን ትንሽ አያውቅም፤ ማወቂያም የለውም። የጎማው ዙሪያ ከፓራፋንጎው ጋር ይነካካ እንደሆነ የሚነግረው ምንም ነገር የለም። ኮምፒውተሩ መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ሲወስን፣ ፋብሪካው ላይ ያውቀው የነበረው ትንሹ ጎማ አሁንም እንዳለ አድርጎ ነው የሚያወርደው።

ዝቅ የሚያደርግበት ጊዜም ብዙ ነው። ለተሳፋሪ መውጫና መግቢያ እንዲመች ከመደበኛው ዲስከቨሪ 3 ላይ 50 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል። ጭቃ ውስጥ ሆናችሁ ከፍ ያደረጋችሁትን ከ50 ኪሎሜትር በላይ ስትነዱ በራሱ ወደ መደበኛው ያወርደዋል። በአንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ከመደበኛውም ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ንፋስ እንዲቀንስና መኪናው እንዲረጋ። ስለዚህ በላይኛው ከፍታ ላይ የለካችሁት ክፍተት ጭቃ ውስጥ እንጂ ከአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ ላይ አይኖርም። ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ማንም ያላዘዘው ከፍታ አለ። ቱቦ ሲለቅ፣ ላስቲኩ ሲሰነጠቅ፣ ወይም መኪናው ለሳምንታት ቆሞ አየሩ ቀስ በቀስ ሲያልቅ የሚያርፍበት ማለቴ ነው። ጎማ መመረጥ ያለበት ለዚያ ከፍታ ነው።

ቁጥሩን አብረን እንሥራ፤ ወረቀት ያለው ይያዝ። 255/60 ጎማ በ18 ቸርኬ ሲባል፣ 255 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው። 60 የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት መቶኛ እንደሆነ ይነግረናል፤ 153 ሚሊሜትር ማለት ነው። 18 ኢንች 457 ሚሊሜትር ነው። ጎኑን ሁለት ጊዜ ጨምሩበት፤ ጠቅላላ ቁመቱ 763 ሚሊሜትር ይሆናል። በ19 ቸርኬ ያለው 255/55ም ያው 763 ነው። ፋብሪካው ሁለቱንም ለአንድ መኪና የፈቀደው ለዚህ ነው። እኔ ለጋሼ የገጠምኩት 265/65 በ18 ደግሞ 801.7 ይመጣል። ልዩነቱ 38.5 ሚሊሜትር ነው፤ የመኪናው ሆድ ከመሬት ከፍ የሚለው በግማሹ፣ 19 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጎማውም በላይ በኩል፣ ከፊትና ከኋላም በዚያው 19 ሚሊሜትር ወደ ፓራፋንጎው ይጠጋል። ሁለት ሳንቲሜትር የማይሞላ ነገር ነው፤ አንድ ጣት የሚያሳልፈውን ክፍተት የሚበላው ግን እሱ ነው።

በ38.5 ሚሊሜትር የሚመጣው ለውጥ 5 በመቶ ነው። ይህ 5 በመቶ ሌላም ቦታ ይገባል። ዳሽቦርዱ 100 ሲል እናንተ በ105 ትሄዳላችሁ። 100,000 ኪሎሜትር ሲቆጥር መኪናው የተጓዘው 105,000 ነው፤ ዘይት ስትቀይሩ አስታውሱት። ነዳጅ እንደጨመረባችሁ የሚመስላችሁም በከፊል ከዚሁ ነው፣ ቆጣሪው የሄዳችሁበትን አሳንሶ ስለሚቆጥር። በአንዳንድ ሞዴሎች የጎማውን አዲስ ዙሪያ በምርመራ መሣሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ማስገባት ይቻላል፤ የሚቻል ከሆነ አስገቡት። ሞተሩ ጎማውን የሚገፋበት ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ፍሬኑም እንዲሁ፣ ጎማው ሲከብድ ደግሞ ከዚያም በላይ።

አሁን እንዴት እንደምለካ ልንገራችሁ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ያለውን ነው።

መጀመሪያ መኪናውን ወደ ዝቅተኛው ከፍታ አወርደዋለሁ። ከዚያ በምርመራ መሣሪያ የአየር ሞላዎቹን አየር አስወጥቼ መጋጫ ላስቲኩ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ይህን ስትሠሩ እጃችሁ፣ ጭንቅላታችሁ፣ ጉልበታችሁ ከፓራፋንጎው ሥር እንዳይገኝ። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ነው የሚወርደው። በዚያ ሁኔታ መሪውን ቀስ ብዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞራለሁ። የጎማውን ትከሻ ዙሪያውን በጠመኔ ቀድሜ ስለቀባሁት፣ የነካው ቦታ ፕላስቲኩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጠባብ በሆነበት ቦታ ክፍተቱን በቁጥር ማወቅ ስፈልግ ጠንከር ያለ ሊጥ ለጥፌ ጎማውን አሳልፈዋለሁ፤ ሊጡ ሲጨፈለቅ የቀረው ውፍረት ክፍተቱን ይነግረኛል። ባለቤቴ ሊጡን ከምን እንዳመጣሁት ታውቃለች፤ ከእንጀራው አይቀነስም፣ ለጋራዥ ብላ ለብቻ ታቦካልኛለች።

በመጨረሻ አንዱን የፊት ጎማና ተቃራኒውን የኋላ ጎማ ከፍ ባለ ቦታ ላይ አውጥቼ ደግሜ አያለሁ። ሜዳ ላይ የማይነካ ጎማ አንድ ጥግ ብቻውን ሲጨመቅ ይነካል። ከአስፋልት ወርዳችሁ ወደ እርሻ ስትገቡ የምታገኙት ይህን ነው። አየሩ በወጣበት፣ መሪው እስከ ጫፍ በዞረበት ሁኔታ ጎማው በነፃ የሚዞር ከሆነ እገጥማለሁ። ፕላስቲክ ብቻ ትንሽ የሚነካ ከሆነ ፕላስቲኩን በሙቀት ወደ ኋላ ገፍቼ፣ ሽቦዎቹን ከመንገዱ አንስቼ እንደገና እለካለሁ። ብረት ወይም ሽቦ ወይም የፍሬን ቱቦ የሚነካ ከሆነ አልገጥምም። ደንበኛው ቢቆጣም፣ ሌላ ጋራዥ ሄዶ ቢያስገጥምም አልገጥምም።

ላሜራ ቆርጦ መበየድ ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል። ለምሳሌ 275/65 በ18 ቁመቱ 815 ሚሊሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ እሱን ለማስገባት ከፊት ጎማው አጠገብ ያለውን ብረት የሚቆርጡ አሉ። ያ ብረት መኪናው ሲጋጭ ኃይሉን እንዲቀበል የተሠራ ነው። ሰው ለጭቃ ብሎ የራሱን መከላከያ እንዲያስቆርጥ አልመክርም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ብዙ ጊዜ ለደንበኛ የማቀርበው ሌላ መንገድ አለ፤ ዛሬ ከሁሉም በላይ ይህን ይዛችሁ እንድትሄዱ እወዳለሁ። ሰው "ትልቅ ጎማ" ሲል የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ቁመት አይደለም። የሚፈልገው ጎን ነው። የጋሼን ጎማ የቀደደው ድንጋይ የመኪናውን ሆድ አልነካም፤ የነካው 140 ሚሊሜትር ብቻ የነበረውን የጎማ ጎን ነው። ጎኑ አጭር ሲሆን ድንጋዩና ቸርኬው ጎማውን መሐል አድርገው ይቆርጡታል። ታዲያ ጎኑን ለማስረዘም ጎማውን ማሳደግ የግድ አይደለም፤ ቸርኬውን ማሳነስ ይበቃል። 255/65 በ17 ቸርኬ ብትገጥሙ ቁመቱ 763 ሚሊሜትር ነው፣ ልክ እንደ ፋብሪካው። ጎኑ ግን 166 ይሆናል። 26 ሚሊሜትር ተጨማሪ ጎማ አገኛችሁ፣ ከፓራፋንጎው ግን አንድ ሚሊሜትር አልወሰዳችሁም። ቆጣሪው አይዛባም፣ አየሩ ቢወጣ አይነካም። እርግጥ ትንሹ ቸርኬ በፍሬኑ ላይ መግባት አለበት። ዲስከቨሪ 3 ናፍጣው ከፋብሪካ በ17 የመጣበት ጊዜ አለ፤ ፍሬናቸው ትልቅ የሆኑ ሞዴሎች ላይ ግን አይገባም። ቸርኬውን ሳትገዙ በፊት ያለ ጎማ አስገብታችሁ በእጅ አዙሩት። እንደ መካከለኛ መንገድ ደግሞ 265/60 በ18 አለ፤ ከፋብሪካው በ12 ሚሊሜትር ብቻ ይበልጣል፣ ማለትም በግማሹ 6።

ለጋሼ በመጨረሻ የገጠምኩለት 17ቱን ነው። የጎማውንም የቸርኬውንም ዋጋ ከእኔ ነው የከፈልኩት።

ስለ ሴንሰር ዘንጎች ትጠይቁኛላችሁና አስቀድሜ ልመልስ። ርዝመታቸው የተቀየረ ዘንጎች ሴንሰሩ ላይ ይገጠማሉ፤ ኮምፒውተሩ መኪናው ዝቅ ያለ ይመስለውና ከፍ ያደርገዋል። በዚህ መንገድ በሁሉም ከፍታ ላይ ትንሽ ተጨማሪ ክፍተት ይገኛል። አየሩ ሲወጣ ግን ዘንጉ ምንም አይረዳችሁም፤ መኪናው ያው የድሮው መጋጫ ላስቲክ ላይ ነው የሚቀመጠው። በተጨማሪም ዲስከቨሪ አራቱም ጎማው ለየብቻ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ሰውነቱ ከፍ ሲል አክስሎቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ መገጣጠሚያዎቻቸው በቶሎ ይበላሉ። ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት መንገድም ስለሚያጥር መኪናው ይደርቃል። አላይመንቱ ካልተስተካከለ የጎማው ጠርዝ በጥቂት ወራት ያልቃል። ስፔሰርም፣ ከቸርኬው ኋላ የሚገባው ወፍራም ብረት፣ ተመሳሳይ ነው። ጎማውን ወደ ውጭ ሲያወጣው መሪ ሲዞር የሚጠርገው ክብ ይሰፋል፣ ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫናም ይጨምራል። ከዚህ በላይ ስለ ስፔሰር የምለው የለኝም።

ስለ ጭነት ግን ቆም ብዬ ልናገር፤ አዳማ የነጋዴ ከተማ ናት። ሞላ ያለው መኪና ከአቅሙ በላይ ሲጫን ኋላው ይወርዳል፤ ያየ ሁሉ "ኧረ ከብዶታል" ይለዋል። የአየር ሱስፔንሽን ያለው መኪና ግን ይደብቃል። ኋላው ሲወርድ ሴንሰሩ ይነግራል፣ ኮምፕሬሰሩ ይሞላል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከአሰላ ድንች ጭኖ ሲመጣ ባዶ ይመስላል። ክብደቱ ግን አልጠፋም፤ ጎማው ተሸክሞታል። ስለዚህ ጎማ ስትመርጡ ጎኑ ላይ ከልኩ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል፤ 108 ማለት 1,000 ኪሎ፤ 116 ማለት 1,250። በመልክ ትልቅና ጥርሱ ጎልቶ የሚያምር ሆኖ ይህ ቁጥሩ ከፋብሪካው ያነሰ ጎማ ገበያ ላይ አለ። ከቁጥሩ አጠገብ ያለው ፊደል ፍጥነቱ ነው፦ ኪው 160፣ ቲ 190፣ ኤች 210 ኪሎሜትር በሰዓት። ሌላው ደግሞ ዕድሜው ነው። አራት አኃዝ ያለበትን ሞላላ ምልክት ፈልጉ፤ 2319 ካለ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ያልተነዳ ጎማ አዲስ አይደለም፤ መጋዘን ውስጥም ላስቲክ ይደርቃል።

እዚህ ላይ አዳማ የራሷን ነገር ትጨምራለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ18 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያነሰ ነው፤ መኪናውን ከፍ ለማድረግ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ ይግላል። ከዚህ ተነስታችሁ በአሰላ፣ በዶዶላና በዲንሾ አልፋችሁ ወደ ጎባ ከወጣችሁ፣ ከዚያም የባሌ ተራሮች ላይ ባለው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ስትደርሱ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ40 በመቶ ገደማ ያንሳል። እዚያ ላይ ቆማችሁ መኪናውን ደጋግማችሁ ከፍ ዝቅ አታድርጉ፤ አንድ ጊዜ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት። ጎማውን በተመለከተ አትጨነቁ። ከፍታው የጎማውን የግፊት ንባብ በ3 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ገደማ ከፍ ያደርገዋል፣ ብርዱ ደግሞ መልሶ ወደዚያው ያህል ያወርደዋል።

ከዚያ አቧራው አለ። የአዳማን ነጭ አቧራ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ንፋሱንም የምናውቀው ነው፣ ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም። ያ አቧራ የኮምፕሬሰሩን የአየር ማጣሪያ ይዘጋል። በአየር ሞላው ላስቲክ እጥፋት ውስጥ ገብቶ መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈገፍጋል። ወርዱ የሰፋ ጎማ ደግሞ ጭቃና ጠጠር አብዝቶ ወደዚያ ይወረውራል። ስለዚህ ትልቅ ጎማ የገጠመ ሰው መኪናውን ሲያሳጥብ ከፍ አስደርጎ የአየር ሞላውን እጥፋት በዝቅተኛ የውሃ ግፊት ያሳጥብ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞተር ሳታስነሱ አንድ ጊዜ መኪናውን ዞር ብላችሁ እዩት። አንዱ ጥግ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ካደረ አየር እየለቀቀ ነው። የሳሙና ውሃ በመጋጠሚያው ላይ አድርጉ፤ አረፋው ይነግራችኋል። ጋሼ ያን ሰሞን መኪናው ከፊት ዝቅ ብሎ እያደረ ነበር፤ እኔ ግን ይህን እንዲያይ አልነገርኩትም።

ጎሚስታ ወንድሞቼ፣ ለእናንተ ሁለት ነገር ብቻ። የአየር ሱስፔንሽን ያለውን መኪና በክሪክ ስታነሱ ሞተሩን አጥፉ፤ መኪናው ቁመቱን ለማስተካከል ሲል አየር ሊያስወጣና ሊወርድባችሁ ይችላል። ጎማውን ከማውለቃችሁ በፊት ሻንሲው ሥር ጠንካራ የብረት መቆሚያ አድርጉ፤ ክሪክ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው፣ ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ አራት ትልቅና አንድ ትንሽ እስኮርታ አትተዉ። ቁመታቸው የተለያየ ጎማዎች አብረው ሲዞሩ የመሐሉ ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ይፈጫል። ደንበኛው አምስተኛውን ለመግዛት ገንዘብ ካልያዘ፣ አምስት እስኪችል ይጠብቅ በሉት።

በጥያቄው ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች እህት ተነሳች። ፕራዶ አላት፤ ኋላው ብቻ የአየር ሞላ፣ ፊቱ ግን ተራ ሞላ። "ይህ ሁሉ ለእኔም ይሠራል ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ይሠራል፣ ግን በግማሽ። ፊቱ ላይ አየር ስለሌለ ክፍተቱ በአንድ ሌሊት አይጠፋም፤ ሆኖም ፊቱ ነው መሪ የሚዞረው፣ ስለዚህ በመወጣጫ ላይ አውጥተን ሞላው ተጨምቆ፣ መሪው ተጠምዝዞ እናየዋለን። ኋላው አየሩ ቢወጣ ይቀመጣል፣ የመኪናው አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል፣ የፊት መብራቱም ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይመታል። የኋላ ጎማ ስለማይዞር ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ቢሆንም አየሩን ሳናስወጣ አናምነውም። አንድ ነገር ግን ለእሷ ይለያል። የፕራዶ የኋላ አክስል አንድ ወጥ ስለሆነ፣ ኋላውን በአየር ከፍ ብታደርገው ሰውነቱ እንጂ ዲፈረንሻሉ ከመሬት አይነሳም። ዲፈረንሻሉን የሚያነሳው ጎማው ብቻ ነው። ስለዚህ እሷ ከዲስከቨሪ ባለቤት ይልቅ ትልቅ ጎማ የምትጠይቅበት በቂ ምክንያት አላት።

ነገ ጠዋት አምጪው አልኳት። አየሩን አስወጥተን አብረን እንለካዋለን፤ ጎማውን የምትገዢው ከዚያ በኋላ ነው።